በባሕሩ ላይ የሳቀችው ሙሽራ

ትምህርት ቤት ውስጥ ሐይቅ ሌላ ነው፣ ባሕር ሌላ። መምህሩ ካርታውን ሰቅሎ፣ ዙሪያውን በየብስ የተከበበው ሐይቅ ነው፣ ጨዋማውና ዳርቻው የራቀው ባሕር ነው ብሎ ያስተምራል። ልጆቹም ፈተናው ላይ ያንኑ ጽፈው ያልፋሉ። ቤታቸው ሲደርሱ ግን ያንን ትምህርት ደጅ ላይ ትተውት ይገባሉ። ጎጃም ውስጥ «የጣና ሐይቅ» የሚል ሰው ወይ ዜና አንባቢ ነው ወይ አስጎብኚ። ለአገሬው ጣና ባሕር ነው፤ ከተማውም ባሕር ዳር ነው እንጂ ሐይቅ ዳር አልተባለም። መርከብ የሚሄድበትም ባሕር ነው፤ ታቦት የሚወርድበት፣ በሲሚንቶ የታጠረ ገንዳም ቢሆን ጥምቀተ ባሕር ነው። ይህን ሰምቶ «አገሬው ውሃ መለየት አያውቅም» የሚል የተማረ ሰው አይጠፋም። ተሳስቷል። አገሬው ውሃን በስፋቱ አይጠራውም፤ ባለው ክብር ነው የሚጠራው።

በዲማና በጉንደ ወይን መካከል፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ የተቀመጠችው ግራር አምባም የራሷ ባሕር አላት። ጎረምሳ ድንጋይ ቢወረውር ማዶ ያሳርፈዋል። ያም ሆኖ ባሕር ነው፤ ኩሬ ብሎ የጠራው ሰው ምሳ ሳይጋበዝ ይመለሳል። ከኮረብታው የሚወርደው ምንጭ ወደ ባሕሩ የሚገባበት፣ ጠበብ ረዘም ያለ ረግረግ አለ። ሰዉ «ምላሱ» ይለዋል። ዲማ ቅኔ የተማሩት የደብሩ መሪጌታ ወልደጊዮርጊስ ግን ይህን በሰሙ ቁጥር ይቆጣሉ።

«ምላስ ምንድን ነው? የላም ነው? ልሳነ ባሕር በሉ! መጽሐፉም የሚለው እንዲያ ነው።»

ሰዉ «እሺ መሪጌታ» ይልና ምላሱ ማለቱን ይቀጥላል።

ያለምወርቅ ወደዚህ አገር የመጣችው በሙሽርነት ነው። የጣና ዳር ልጅ ናት። አባቷ ደንገል እያጨዱ ታንኳ የሚሠሩ ሰው ነበሩ፤ እሷም እግር ካወጣች ጀምሮ የምታውቀው ባሕር ማዶው የማይታይ፣ ሲቆጣ ቤት ድረስ የሚሰማ፣ ሰው ወስዶ ሳይመልስ የሚቀር ነበር። ሙላት የሚባል የግራር አምባ ልጅ በአጎቱ በኩል ሽማግሌ ልኮ ጠየቃት። ሽማግሌዎቹ ስለ ልጁ ብዙ ካወሩ በኋላ «አገሩም ቢሆን አይከፋትም፣ ባሕር አለው» አሉ። አባቷ ደስ አላቸው። ልጄ ውሃ አይናፍቃትም ብለው መረቋት።

መኪና እስከሚገባበት በመኪና፣ ከዚያ በኋላ በበቅሎ ሄዱ። ግራር አምባ ሲቃረቡ ከሚዜዎቹ አንዱ «በይ ሙሽሪት፣ ባሕሩ ጋ ደረስን ማለት ቤትሽ ገባን ማለት ነው» አላት። ያለምወርቅ በተከናነበችበት ነጠላ ውስጥ ሆና ጭንቅ ያዛት። ነፋስ የለም፣ የማዕበል ድምፅ የለም፣ የታንኳ ሰው ሲጣራ አይሰማም። ጥቂት እንደሄዱ በቅሎዋ ቆመችና አንገቷን ደፍታ መጠጣት ጀመረች።

«ባሕሩ የታለ?» አለች ሙሽራዋ።

«ይኸው! በቅሎሽ የምትጠጣውስ?»

ነጠላዋን ገልጣ አየችው። ደግማ አየችው።

«ይኸ? ይኸንንማ በቅሎዬ ጠጥታ ትጨርሰዋለች!» አለችና ሳቀች።

ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ዝም ማለት ሲገባት፣ ይህችኛዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ክፋት አልነበረባትም። ከቤቷ ስትወጣ ጀምሮ የያዛት ፍርሃት ነው በሳቅ የወጣላት። ሚዜዎቹም አብረዋት ሳቁ፤ ሙላት ራሱ ፈገግ አለ። ነገር ግን ወሬው ከበቅሎዋ ቀድሞ ቤት ገባ። የሙላት እናት ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ሙሽራዋን በእልልታ ሲቀበሉ ፊታቸው ላይ እልልታ አልነበረም።

ግራር አምባ ውስጥ አንድ ልማድ አለ። የጥምቀት ዋዜማ ከተራ ነው፤ ስሙ እንደሚለውም ውሃ የሚከተርበት ቀን ነው። ወንዶቹ ከጠዋት ጀምረው በባሕሩ የታችኛው ጫፍ፣ ውሃው አምልጦ በሚወጣበት በኩል፣ በድንጋይና በጭቃ ይገድባሉ። ግድቡ ሊያልቅ ሲል ሁሉም እጁን ይሰበስባል። የመጨረሻዋን ጓል፣ ሣሯ ከነሥሯ የተቆረጠችውን፣ የምታኖረው በዚያ ዓመት ወደ መንደሩ የገባች ሙሽራ ናት። ጓሏን ቆርጣ የምታቀብላት ደግሞ አማቷ ናት። ሙሽራዋ ጓሏን አኑራ በእግሯ ረግጣ ካጠበቀቻት በኋላ ባሕሩ የሷም ይሆናል። የመንደሩ ሴቶች እልል የሚሉላት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ብትወልድም እንግዳ ናት።

ያለምወርቅ የመጀመሪያ ከተራዋ ሲደርስ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ግድቡ ላይ ቆመች። ወንዶቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ባዶ እጃቸውን መጡ።

«የጣና ልጅ የኛ ኩሬ ምን ያደርግላታል?» አሉ፤ ጮክ ብለው፣ ሁሉም እንዲሰማ።

እሳቸው ባሕሩን ኩሬ ሲሉ የተሰሙት ያን ቀን ብቻ ነው። ሌላ ሰው ክፍተቱን በድንጋይ ደፈነው። ያለምወርቅ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ያች የሙሽራ ጓል ሳትቀመጥ ዓመቱ አለፈ፤ ከዚያም ሌላው ዓመት፤ ሌሎች ሙሽሮች መጡና የየራሳቸውን አኖሩ፤ የሷ ነገር ተረሳ። እሷ ግን አልረሳችም። ሰው ሁሉ «ባሕራችን» ሲል እሷ «ባሕራችሁ» ነበር የምትለው። መጀመሪያ በኩርፊያ ነበር፣ በኋላ ልማድ ሆነባት።

እንዲህ ሲባል ኑሮዋ ከፍቶ ነበር ማለት አይደለም። ሙላት ደግ ሰው ነበር፤ ሲያርስም ሲያወራም የማይቸኩል። ልጃቸው አንተነህ ሲወለድ ምላሱ ላይ፣ ከግጦሽ ሌላ በማይረባው ረግረግ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ተከለ። «ይኸ ልጅ አድጎ ቤት ሲሠራ እንጨት አይለምንም» አለ። ዛፉም እንደ ልጁ ቶሎ ቶሎ አደገ። ጎረቤታቸው አንሙት አይቶ ቀናና እሱም ተከለ። ከዚያ ሌላውም ተከለ። ሙላት ታሞ ሲሞት ዛፎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሆኖ ለሚያይ ይታዩ ነበር። እናቱ ልጃቸውን ቀብረው ቆብ ጫኑና እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ተባሉ። አማትና ምራት በአንድ ግቢ፣ በሁለት ጎጆ፣ ስለ ጨውና ስለ ጥጃ ብቻ እየተነጋገሩ ኖሩ።

ባሕሩ መጉደል የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። ቀጥሎ ምላሱ ደረቀ፤ የዘመን መለወጫ ሲደርስ ልጃገረዶች የሚነቅሉት እንግጫ ጠፍቶ ሌላ ቀበሌ ድረስ ይሄዱ ጀመር። ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ምክንያቱም ሁሉም ዛፍ አለው። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል ብሎ መጀመሪያ የሚናገር ሰው መጀመሪያ የሚቆርጥ ሊሆን ነዋ! እናም ሰዉ ጥፋቱን በሰማይ ላይ፣ በኃጢአት ላይ፣ አንዳንዴም በመንግሥት ላይ ያላክክ ነበር።

ዐምና በከተራ ዕለት የሚገደብ ውሃ ጠፋ። ወንዶቹ ጭቃውን ቆፍረው ሸራ አነጠፉና በአህያ በጀሪካን ውሃ አስመጡ። ታቦቱ ወጥቶ፣ ካህናቱ እየዘመሩ፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ሲወርድ፣ የተገኘው የሰማያዊ ሸራ ገንዳ ነበር። ሰው የሰው ፊት ማየት አፈረ። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት በምርኩዛቸው ተደግፈው ሸራውን አዩና ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«በቅሎሽ ጠጥታ ጨረሰችው አይደል?»

ያ ሳቅ እስከዚያ ቀን ድረስ በአሮጊቷ ልብ ውስጥ እንዳለ ተቀምጦ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ መከረ። አስፋልት ዳር ያለው የጎረቤት ደብር በሲሚንቶ የተሠራ ገንዳና ቧንቧ አለው፤ ባሕሩ ካልተመለሰ በሚመጣው ዓመት ታቦቱ እዚያ ወርዶ ከነሱ ጋር ያክብር ተባለ። የመጨረሻው ቃል ለገና ይሰጥ አሉ። ውሳኔው ለጎበዝ እግር ምንም አይደለም። ለእማሆይ ግን ጥምቀት ማለቁ ነበር፤ ከግቢያቸው እስከ ባሕሩ እንኳ የሚደርሱት አርፈው አርፈው ነው። ያን ዕለት ያለምወርቅ ራት ይዛላቸው ስትገባ አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያለቅሱ ነበር። ድምፅ የለውም፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የገዛ እናቷ ያለቀሱ ያህል ሆድዋ ባባ። እኚህ ሴት ባሕራቸውን ሳያዩ አይሞቱም ብላ በልቧ ቆረጠች።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ለሚያስተምረው ልጇ ደወለች።

«አንተነህ፣ ምላሱ ላይ ያለውን ዛፍ ላስቆርጠው ነው።»

«ጥሩ፣ ቁረጪው እማዬ። ለቤቱ ይሆነኛል።»

«ጉቶውንም አስነቅለዋለሁ።»

ጉቶው ካለ ዛፉ ተመልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከተነቀለ ግን ያ መሬት ከእንግዲህ ረግረግ ነው።

«የአባዬ ዛፍ እኮ ነው» አለ ልጁ።

«አውቃለሁ ልጄ። አባትህ ቢኖር እናቱን ያስለቅስ ነበር?»

አንተነህ ለእረፍት መጥቶ ዛፎቹን ከሰዎች ጋር ቆረጠና እንጨቱን ከመረ። ጉቶው ግን ሌላ ነገር ነው። የባሕር ዛፍ ሥር እልኸኛ ነው፤ አንዱን ስትቆርጠው ሌላው ከሥሩ ተጠምዝዞ ይጠብቅሃል። ያለምወርቅ ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ጋግራ ጅጌ፣ የደቦ ሰው፣ ጠራች። በቀጠሮው ቀን የመጡት መሪጌታ ወልደጊዮርጊስ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ዶማ ሳይሆን መቋሚያ ነው የያዙት። የቀረው ሰው አንዱ ራሱን አመመው፣ አንዱ ዘመድ ሞተበት፣ አንዱ በሬው ጠፋ። እውነቱ ሌላ ነው፤ የሷን ጉቶ የነቀለ ሰው ነገ የራሱን ጉቶ ሊጠየቅ ነው። አንሙት በአጥሩ ላይ አሻግሮ እያየ «ጉቶ ነቅሎ ባሕር ያወጣ ሰው እስቲ እንይ!» አለ።

ያለምወርቅ ዶማውን ራሷ አነሳች። ሙላት በእጁ የኮተኮተውን አፈር ስትቆፍር «ይቅር በለኝ፣ ለእናትህ ነው» እያለች በለሆሳስ ታወራዋለች። አንተነህ ወደ ሥራው ተመልሷል። መዳፏ ተላጠ፣ ወገቧ አልቃና አለ፤ ጉቶዎቹ ግን እንደ ጉድ ናቸው።

እንዲህ ስትሠራ ሰነበተችና አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቀና ብትል፣ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት አርፈው አርፈው ይመጣሉ። መጥተው አጠገቧ ካለ ጉቶ ላይ ተቀመጡ። ዣንጥላቸውን ዘረጉ። ዳዊታቸውን ገልጠው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ያለምወርቅም ዶማዋን አነሳች።

በማግስቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ቆሙ። በዚያ ዕድሜ ያሉ መነኩሲት፣ በዚያ ፀሐይ፣ ጉቶ ላይ! ወሬው በየቤቱ ገባ። የመጀመሪያው ዶማ ይዞ የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አንሙት!

«ሚስቴ ናት ያስወጣችኝ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «እማሆይ ፀሐይ እየመታቸው አንተ እዚህ ትጋደማለህ? አለችኝ። ምሳም ከለከለችኝ።»

እማሆይ ከዳዊታቸው ቀና ሳይሉ «እግዜር ይስጣት» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ቀሪው መጣ። ራሱን ያመመው ተሻለው፣ የጠፋው በሬ ተገኘ። ጉቶው ሁሉ ወጥቶ ከተከመረ በኋላ ደግሞ አንሙት ራሱን ሲያክ ቆየና፣ ወደ ምላሱ ያዘነበለውን የራሱን ተርታ መቁረጥ ጀመረ። «እንግዲህ ከነካካነው አይቀር» አለ። መሪጌታ ወልደጊዮርጊስ መቋሚያቸውን እየሰበቁ «ልሳነ ባሕር ተፈታ!» ብለው ጮኹ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አልሳቀባቸውም።

ክረምቱ ገባ። ባሕሩ ሞላ፤ ግን ክረምትማ ሁልጊዜም ይሞላል። ፈተናው ከመስቀል በኋላ ነው። ያለምወርቅ ጠዋት ጠዋት እየሄደች ውሃው ያረፈበት ዳር ላይ ችካል ትተክላለች። ጥቅምት ላይ ውሃው ከችካሉ ራቀ። ኅዳር ላይ ሌላ ችካል ተከለች፤ ከዚያም ትንሽ ሸሸ። ታኅሣሥ ላይ የተከለችው ችካል ግን እግሩ እርጥብ እንደሆነ ከረመ። ምንጩ ቀጥኖም ቢሆን በምላሱ በኩል እየተንቆረቆረ ይገባል። ረግረጉ ላይ እንግጫ ብቅ ብሎ ነበር። አንድ ጠዋት የእንቁራሪት ድምፅ ስትሰማ ችካሏን ጥላ ሮጠች፤ የእማሆይን ደጅ በኃይል አንኳኳች።

«እማሆይ! ጮኹ እኮ! እንቁራሪቶቹ ጮኹ!»

አሮጊቷ ከመደባቸው ላይ ሆነው አዳመጡ። ከዚያ ርቀት የሚሰማ አልነበረም። «ይሰማኛል» አሉ ግን።

ለገና ሰበካ ጉባኤው ባሕሩን ሊያይ ወረደ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱት፤ እጀታው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መሬት ነካ። የመቋሚያው እርጥበት ለሁሉም ታየ። ታቦቱ ከባሕሩ አይሄድም ተባለ።

ዘንድሮ ከተራ ዕለት አንተነህ ከደብረ ማርቆስ ከነሙሽራው መጣ። ሂዊ ትባላለች፤ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፣ ከተማ ያደገች፣ ጨዋታ የምትወድ ልጅ ናት። ያለምወርቅ ወደ ባሕሩ ይዛት ስትወርድ፣ ምነው ዝም ብላ ባየችልኝ እያለች በልቧ ትጸልያለች። ሂዊ ዳሩ ላይ ደርሳ ቆመች። ነጭ የለበሰው ሕዝብ፣ ግድቡ ላይ የሚሯሯጡት ወንዶች፣ በመካከል ደግሞ ሰማዩን ይዞ የተኛው ውሃ።

«ባሕሩ ይኸ ነው?» አለች።

እማሆይ ዳሩ ላይ ከተቀመጡበት ጆሯቸውን አቀኑ።

«አዎ» አለች ያለምወርቅ። «ትንሽ ነው። ግን ባሕራችን ነው።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። እማሆይ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

ግድቡ ሊያልቅ ነው፤ ወንዶቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። የዓመቱ ሙሽራ ሂዊ ናት። ያለምወርቅ አማት በመሆኗ ከምላሱ ዳር እንግጫ ያለበትን ጓል ቆርጣ ይዛለች፤ ሂዊም ጫማዋን አውልቃ፣ እየሳቀች፣ እጇን ዘረጋች።

«ቆይ ልጄ» አሉ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት።

አሮጊቷ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው ነጠላቸው ውስጥ የሸፈኑት ነገር ይዘው ግድቡ ላይ ወጡ፤ አንሙት ደግፏቸዋል። ነጠላቸውን ሲገልጡት ጓል ነው። መቼ እንደቆረጡት፣ በየት ጉልበታቸው እንደቆረጡት ማንም አላየም። ጥፍራቸው ውስጥ አፈሩ አለ።

«ተራሽ ይደርሳል» አሏት ሂዊን። «ካንቺ በፊት ያላኖረች ሙሽራ አለች።»

ጓሉን ለያለምወርቅ አቀበሏት። ያለምወርቅ በአንድ እጇ የምራቷን፣ በሌላው የአማቷን ጓል ይዛ ቆማ ቀረች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ መዳፏ በዶማ ሻክሯል፣ ሙላት የለም። እንባዋ ፈሰሰ፤ አልጠረገችውም።

«እማሆይ… ያን ጊዜ ስስቅ እኮ…»

«ተይው» አሉ አሮጊቷ። «በቅሎሽ አልጨረሰችውም።»

ያለምወርቅ የሂዊን ጓል ለሂዊ አስያዘቻት። ጎንበስ ብላ የራሷን ክፍተቱ ላይ አኖረች፤ በባዶ እግሯ ረገጠችው፤ ውሃው ጣቶቿ መካከል ገብቶ ቀዘቀዛት። ከዚያ ቀጥሎ ሂዊ አኖረች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ከሁሉም በላይ የጮኸው የእማሆይ እልልታ ነበር። ካህናቱ ታቦቱን ይዘው ከላይ ሲወርዱ ያለምወርቅ አሁንም ግድቡ ላይ ቆማ፣ አማቷን በብብታቸው ደግፋ፣ ውሃው ቀስ እያለ ከእግራቸው ሥር ሲነሣ ታይ ነበር።